ስለ እርግብ ቤትና ስለ ሸኮ ኮርማ



እዚህ ሚዛን አማን የጋበዙኝ ሰዎች “ስለ ቤተሰብ እርባታ አንድ ነገር ንገረን” ነው ያሉኝ። ዶሮ ወይም ንብ ይሆናል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ከእርግብ ልጀምር ነው፤ ያውም ለውድድር ከምትረባ እርግብ። ይህን ሲሰማ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚል ሰው አዳራሹ ውስጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ ላሟም ትመጣለች። የዛሬው ንግግሬ መድረሻ የሸኮ ላም ናት፤ በትክክል ለመናገር ኮርማዋ ነው። እርግቧን ያስቀደምኩት አንድ ቤተሰብ እንስሳን ከትውልድ ትውልድ እየመረጠ ሲያረባ ምን እንደሚሠራ ከእርግብ አርቢዎች የበለጠ አጥርቶ የሚያሳየኝ ስላላገኘሁ ነው።

አካሄዴን ላስቀድም። በመጀመሪያ አንድ የእርግብ አርቢ ቤት እንገባለን። ከዚያ የሸኮ ከብት ምን እንደሆነና ምን እየደረሰበት እንዳለ እናያለን። በመጨረሻም ጎረቤታችን ቦንጋ በበጉ ላይ ያደረገውን አነሣለሁ። በየደረስንበት አንዲት ጥያቄ እየደጋገምኩ ስለምጠይቅ እንዳትሰለቹኝ፦ አባት የሚሆነውን ማን መረጠው?

እንግዲህ ወደ እርግቧ።

እርግብን የማያውቅ የለም። የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችው እሷ ናት። በደጋው አገራችን በገደልና በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የምትኖረው አንገቷ ነጭ የሆነችው እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። አዲስ አበባ ውስጥም በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሳጥን ሰቅለው እርግብ የሚያረቡ ልጆች አሉ። እርግብን ማወዳደር ሥርዓት ይዞ ያደገው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ቤልጅየም ውስጥ ነው። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና ገበሬው በየጓሯቸው የእርግብ ቤት ሠርተው እሑድ እሑድ ይወዳደሩ ነበር። ኋላ ነገሥታትም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1886 የቤልጅየሙ ሊዮፖልድ 2ኛ፣ ያው ኮንጎን ደም ያስለቀሰው ሊዮፖልድ፣ ለእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ እርግቦች በስጦታ ላከ፤ ያ የእርግብ ቤት እስከ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ዘመን ድረስ ዘልቋል። ይሁን እንጂ ሙያው ሲፈጠርም ሲያድግም የተራ ሰው ቤተሰብ ሙያ ነው።

እስቲ እዚያ ቤት እንግባ።

አርቢው ወንዱንና ሴቷን እሱ ነው የሚያጣምራቸው። እንዳገኙ አይጣመሩም። ሴቷ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ከ17 እስከ 18 ቀን ይታቀፋሉ። ይታቀፋሉ ያልኩት አውቄ ነው፣ አባትየውም ይታቀፋልና። እሱ የቀኑን ሰዓት ሲይዝ እሷ ከአመሻሹ ጀምራ ሌሊቱን ትይዛለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም ሁለቱም ወላጆች ጉሮሯቸው ውስጥ የሚያዘጋጁትን ወተት መሰል ምግብ ያጎርሷቸዋል። አባት ወተት የሚሰጥበት ቤት ነው፤ እዚህ ያሉ እናቶች ልብ ይበሉልኝ።

ጫጩቷ ሳምንት ገደማ ሲሆናት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይመጣል፤ በብዙ ቤት ይህ ሥራ የልጆች ነው። ልጁ ጫጩቷን በግራ እጁ ይይዛል። የፊቶቹን ሦስት ጣቶቿን አንድ ላይ ገጥሞ በትንሿ ቀለበት ውስጥ ያሳልፋል፤ የኋለኛዋን ጣት ወደ ቅልጥሟ አስተኝቶ ቀለበቷን ወደ ላይ ይገፋና ያቺን ጣት በቀስታ ይለቃታል። አለቀ። ቀለበቷ መገጣጠሚያ የላትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ እግሯ ስለሚወፍር ያቺ ቀለበት ከእግሯ አትወጣም፣ ሌላም አይገባላትም። ቀለበቷ ላይ አገር፣ ዓመትና ቁጥር ተጽፏል። ልጁ ያንን ቁጥር ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ ከጎኑ የእናቷን ቁጥር፣ የአባቷን ቁጥር፣ የተፈለፈለችበትን ቀን ይጽፋል። አያቶቿ ከዚያ በፊት ባለው ገጽ ላይ አሉ።

ይህችን ደብተር አስታውሱልኝ፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ከዚያ ሥልጠናው ይጀምራል። መጀመሪያ በቤቷ ዙሪያ ትበራለች። ቀጥሎ በቅርጫት አምስት ኪሎ ሜትር ወስደው ይለቋታል፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ሃምሳ። እንዴት እንደምትመለስ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። ፀሐይን እንደ ኮምፓስ እንደምትጠቀም ተረጋግጧል። አሜሪካዊው ዊልያም ኪተን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጥናት እርግቦች ላይ ትንሽ ማግኔት ሲያስር በደመናማ ቀን አቅጣጫቸው ይጠፋባቸው ነበር፤ ስለዚህ የምድር መግነጢስም ይረዳታል ማለት ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ፍሎሪያኖ ፓፒና ባልደረቦቹ ማሽተት የማይችሉ እርግቦች ቤታቸውን እንደሚያጡ አሳይተዋል። ወደ ቤት ስትቃረብም እንደ ሾፌር የመኪና መንገድን ተከትላ ስትታጠፍ ታይታለች። እዚህ ነገር ላይ መሽቶ ሊነጋብን ስለሚችል ልለፈው።

የውድድሩ ቀን ከብዙ ቤት የመጡ እርግቦች በመኪና ተጭነው ከአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት ይለቀቃሉ። አጭሩ ርቀት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ረጅሙ፣ እንደ ባርሴሎናው ያለው፣ ቤልጅየም እስኪደርሱ ከሺህ ያልፋል። የእያንዳንዱ ሰው ቤት ርቀቱ ስለሚለያይ አሸናፊው በፍጥነት ይለያል፤ ርቀቱ ተለክቶ በፈጀችው ጊዜ ይካፈላል፣ ውጤቱም በደቂቃ ስንት ሜትር ተብሎ ይነገራል። በደቂቃ 1200 ሜትር የበረረች በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ጣራ ላይ ማረፍ ብቻውን አይቆጠርላትም። ቤቷ ውስጥ መግባት አለባት፤ ዱሮ ከእግሯ ላይ የጎማ ቀለበት ተፈትቶ ልዩ ሰዓት ውስጥ ይከተት ነበር፣ አሁን እግሯ ላይ ያለውን ቺፕ በሩ ላይ ያለ መሣሪያ ያነበዋል። ስለዚህ ጣራ ላይ ተቀምጣ ላባዋን የምታስተካክል እርግብ ቤተሰቡን በሙሉ ጓሮ አቁማ ታስለቅሳለች።

ሁሉም አይመለሱም። ጭልፊት የበላት አለች፣ ሽቦ የመታት አለች፣ መንገድ የጠፋት አለች። ከተመለሱት ደግሞ አርቢው ጥቂቶቹን ለዘር ያስቀራል። የቀሩት? አንዳንዱ ቤት ሾርባ ይሆናሉ፤ አርቢዎች በአደባባይ ባያወሩትም።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። እዚያ ቤት አባት የሚሆነውን ማን መረጠው? ርቀቱ መረጠው፣ አየሩ መረጠው፣ ደብተሩ መሰከረለት፣ ቤተሰቡ አጸደቀው። የላባው ማማርና የአንገቱ ብልጭታ ከቁጥር አልገባም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ኒው ኪም የምትባል የሁለት ዓመት ሴት እርግብ በጨረታ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። ያረቧት አባትና ልጅ ናቸው፤ ጋስቶንና ኩርት ቫን ደ ቫወር ይባላሉ፣ ቤልጅየማዊ ናቸው። የገዛት ቻይናዊ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አርማንዶ የሚባል ወንድ እርግብ ከ1.2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቶ ነበር። ለአንድ ወፍ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ጤና ነው አልላችሁም። ነገር ግን ሰውየው የከፈለው ለምንድን ነው? ኒው ኪም ውድድር አቁማ ነበር። ሥጋዋ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የከፈለው አባትና ልጅ ለጻፉት ደብተር ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነችና እነዚያ ወላጆቿ ምን እንዳደረጉ በቁጥር ለተያዘበት።

ይብቃን፤ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

ከሚዛን ወደ ቴፒ ስትሄዱ ሸኮን ታልፋላችሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጎደሬ፣ እንሰት። ከቡናው ጥላ ሥር አንዳንዴ አንዲት አጭር፣ ድርብብ ያለች፣ ቀንዷ ጣት የምታህል ወይም ጨርሶ ጎዳ የሆነች ላም ታስራ ታያላችሁ። ሻኛ የላትም፣ ካላትም ትንሽ ነው። ያቺ የሸኮ ላም ናት። ዝርያው በሕዝቡ ስም ነው በዓለም መዝገብ የሚታወቀው።

ሻኛ አለመኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። በአፍሪካ ቀድሞ የነበረው ከብት ሻኛ የለሽ ነበር። ሻኛ ያለው የዜቡ ከብት ከእስያ መጥቶ ቀስ በቀስ ምሥራቅ አፍሪካን ሞላው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ገበያ የምናየው ከብት ከሞላ ጎደል ባለ ሻኛ ነው። ተመራማሪዎች የሸኮን ከብት በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት የዚያ የጥንቱ ሻኛ የለሽ አጭር ቀንድ ከብት ቅሬታዎች መካከል ይቆጥሩታል። በዘረመል ሲመረመር የዜቡ ደም በብዛት እንደገባበት ይታያል፤ ንጹሕ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። የጥንቱ ደም ግን አሁንም አለበት፣ ያም ደም ሥራ ይሠራል።

ምን ይሠራል? ገንዲን ይቋቋማል።

ገንዲን ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከብት የፈጀባችሁ በሽታ ነው። የቆላ ዝንብ ነክሳ ተሐዋሲውን ደም ውስጥ ትጨምራለች፤ ከብቱ ደሙ ያንሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ከመንጋው ኋላ ይቀራል፣ እየበላ ይከሳል። የታመመችውን ላም የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩ ቀይ መሆን የነበረበት ነጥቷል። ባለሙያ ከጆሮዋ ጠብታ ደም ወስዶ በቀጭን የመስታወት ቱቦ አሽከርክሮ ቀዩ የደም ክፍል ስንት እጅ እንደቀረ ይለካል። እናንተ ደግሞ ያለ መሣሪያ በአረማመዷ ታውቃላችሁ።

የሸኮ ከብት በገንዲ አይያዝም ማለት አይደለም። ይያዛል፣ አንዳንዴም ይሞታል። ነገር ግን ተሐዋሲው ደሙ ውስጥ እያለ እንኳ ደሙ እንደ ሌላው አያንስም፤ ይበላል፣ ያርሳል፣ ትወልዳለች። በምዕራብ አፍሪካ ንዳማ የሚባለው ከብት በዚሁ ችሎታው ዓለም ያወቀው ነው። የእኛው እምብዛም አይታወቅም።

እዚህ ላይ የእርግቡን ውድድር አስታውሱ፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት። በጊቤ ሸለቆ ተመራማሪዎች ከብቶችን እንዲሁ አወዳድረዋቸዋል። የሆሮ፣ የጉራጌ፣ የአቢጋርና የሸኮ ከብቶች፣ አራቱም ዝርያዎች፣ ዝንቧ ወዳለችበት አንድ ሜዳ ተወሰዱ፣ ደማቸው በየጊዜው ተለካ፣ ማን ታመመ፣ ማን ስንት ጊዜ መድኃኒት ተወጋ ተብሎ ተጻፈ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። አንደኛ የወጣው የሸኮ ከብት ነው። ተሐዋሲው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ተገኘበት፣ ደሙ ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ቆየ፣ መርፌም ያነሰ ፈለገ።

መርፌ ማነሱን እንደ ቀላል አትዩት። በዚያው በጊቤ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ መድኃኒቱ የማይበግራቸው የገንዲ ተሐዋስያን ተመዝግበዋል። በየገበያው በየሱቁ የሚሸጠውን መድኃኒት ያለ መጠን የምንወጋ ከሆነ አንድ ቀን መርፌው ውሃ ይሆናል። ያን ቀን የሚቆመው ከብት የትኛው እንደሆነ ከጊቤው ውድድር አይተናል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ከብት ለምን ይጠፋል? መጥፋቱ እውነት ነው፤ የሸኮ ዝርያ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው የኢትዮጵያ ከብቶች መካከል ተቆጥሯል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ግጦሹ ቡና ሆኗል፣ ቡናው ደግሞ ዋጋ አለው፤ በዚህ የምትወቀሱ አይመስለኝም። በሰፈራም በገበያም የመጡ ባለ ሻኛ ከብቶች በዝተዋል። ከእነዚህ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ኮርማው ነው።

የሸኮ ኮርማ ቁጡ ነው። እዚህ ያላችሁ አባቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሰው ይወጋል፣ አጥር ይሰብራል፣ ገመድ አይፈራም። ሕፃን ልጅ የሚጠብቀው ከሆነ እናት እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? ወይፈን ሳለ ይቀጠቀጣል ወይም ይሸጣል። ውሳኔው ለዚያ ቤት ትክክል ነው፤ ማንም በእናንተ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። አሥር ቤት ሲያደርገው ግን ቀበሌው ውስጥ ያልተቀጠቀጠ የሸኮ ኮርማ አይቀርም። ላሟ ደግሞ አትጠብቅም። ለስሪያ ስትደርስ ያገኘችው ኮርማ ከገበያ የመጣው ገራሙ ባለ ሻኛ ነው። ጥጃው ሻኛ አወጣ። የጥጃው ጥጃ ደግሞ የበለጠ አወጣ።

ጥያቄዬን ልድገመው። በሸኮ ላም ቤት አባት የሚሆነውን ማን መረጠው? ማንም። ገመድ ያልያዘው፣ ሰው ያልወጋ፣ እዚያ ሰዓት እዚያ መስክ ላይ የተገኘ ኮርማ አባት ሆነ። ቤልጅየማዊው ደካማዋን እርግብ ከዘር ሲያወጣ እኛ ያስወጣነው ጠንካራውን ነው። ከዘር ያስወጣነው ደግሞ ቁጡ በመሆኑ ነው እንጂ ገንዲ ስለጣለው አይደለም።

“አባት ማን እንደሆነ ባይታወቅ ምን ይጎዳል?” የሚል ይኖራል። አንድ ነገር ልጨምርለት። ቀበሌው ውስጥ አንድ ኮርማ ብቻ ከቀረ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ገዛ ልጆቹን ያገኛቸዋል። እርግብ አርቢዎች ይህንን በጣም ይፈራሉ፤ ደብተሩ አንዱ ጥቅሙ ወንድምና እኅት እንዳይጣመሩ ነው። በሰው ጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ለከብቱ አንድ ቤት እንኳ ሳይቆጥር መቅረቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ከርእሴ ትንሽ ልውጣ። ስለ ጌሻ ቡና ያልሰማ እዚህ የለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ዘሩ ተለቀመ፤ ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ደረሰ። እዚያ ቲ2722 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ፓናማ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ ላይ ሲቀርብ ዋጋው የቡና ነጋዴዎችን ዓይን አፈጠጠ። ስሙ የእኛ ተራራ ስም ነው፣ ዘሩም ከእኛ ጫካ ነው፣ ቁጥሩን የሰጡት ግን እነሱ ናቸው። ሰርቀውናል ብዬ ለመጮህ አይደለም ያነሣሁት። ቁጥር ያለው ዘር ባለቤቱ ሲጠራው ይመጣል፤ ቁጥር የሌለው ዘር ግን ጫካ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዛፍ ነው።

አሁን ወደ ቦንጋ።

የቦንጋ በግ ትልቅ ነው፣ ጅራቱ ሰፊ ነው፣ ገበያ ላይ ፈላጊው ብዙ ነው። ችግሩ የመጣው ከዚሁ ፈላጊ ነው። ቶሎ ያደገው ጠቦት ቶሎ ይሸጥ ነበር፤ ገና ዓመት ሳይሞላው ነጋዴ ወስዶት ይታረዳል። ቤት የቀረው ያላደገው፣ ያልሰባው፣ ገዢ ያጣው ነው፤ አባት የሚሆነውም እሱ ነው። እዚያም ጥያቄዬን ብትጠይቁ መልሱ ነጋዴው መረጠ ነበር፤ ያውም በተቃራኒው።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የአገራችን የግብርና ምርምር ማዕከላት፣ ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶች፣ እንዲሁም የቪየና የግብርና ዩኒቨርሲቲ በቦንጋ፣ በመንዝና በሆሮ በጎች ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያካሂደው የዘር መረጣ ጀመሩ። የሠሩት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። የአንድ ቀበሌ አርቢዎች በማኅበር ተደራጁ። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረጋል፣ ይመዘናል፣ እናቱ ማን እንደሆነች፣ ስንት እንደወለደች ይጻፋል። ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ መረጣ፣ ዓመት ሲሞላው ሌላ መረጣ ይደረጋል። ወረቀቱን የያዘው ባለሙያ ክብደቱን ያነባል፤ አርቢዎቹ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ደግሞ በዓይናቸው ያያሉ፣ ቁመናውን፣ መልኩን፣ ጅራቱን። ሁለቱ የተስማሙበትን አውራ በግ ማኅበሩ ገዝቶ ለአባላት ይሰጣል፤ ለጥቂት ጊዜ አንድ መንደር አገልግሎ ገዛ ልጆቹን ሳያገኝ ወደ ሌላ መንደር ይዛወራል። ያልተመረጡት ይደልባሉ፣ ይሸጣሉ።

ምን ተገኘ? ጠቦቶቹ ከበፊቱ እየከበዱ መጡ። ሁለተኛው ደግሞ ማኅበሩ ለሥጋ ሳይሆን ለዘር የሚሸጠው አውራ በግ ፈላጊ ማግኘቱ ነው፤ ከሌላ አካባቢ ሳይቀር ዘር ፈልገው የሚመጡ አሉ። እነሱ የሚገዙት ጆሮው ላይ ያለውን ቁጥር ነው። የቤልጅየሙን ጨረታ አሁን አስታውሱት።

ቦንጋ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ክልል ሆነናል። በግ ከከብት ይቀላል የሚል ካለ እውነቱን ነው። በግ በዓመት ይደርሳል፣ ከብት ዓመታት ይፈልጋል። በግ አይወጋም። ኮርማ ለማቆየት ሣር ይፈልጋል፣ በረት ይፈልጋል፣ አጥር ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ ቦንጋ አድርጉ ብዬ ተነሥቼ ብሄድ ምንም አልነገርኳችሁም። እስቲ በዝርዝር ልናገር።

ኮርማውን ለአንድ ቤት መተው አይቻልም። እድራችሁ ድንኳንና ወንበር ገዝቶ በጋራ ይይዛል፤ አንድ ሰው ብቻውን ድንኳን ግዛ ቢባል እምቢ ይላል። ለአንድ መንደር አንድ ኮርማ በዚሁ መንገድ ሊያዝ ይችላል። ጠንካራ በረት ያለው ሰው ያኖረዋል፣ ሌላው ሣርና ጎደሬ ቅጠል በተራ ያመጣል፣ ላሙን የሚያስጠቃ ሰው ለአኗሪው ትንሽ ይከፍላል። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከሌላ መንደር ኮርማ ጋር ይለዋወጣል። ቁጡ ኮርማ በጠንካራ በረት ውስጥ የልጅ ሥጋት አይሆንም፤ በገመድ ሲታሰርና ልጅ ሲጠብቀው ነው አደጋው።

ደብተሩስ? እዚህ ነው የእርግብ አርቢው ልጅ የሚመጣው። ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ የሌለው ቤት ስንት ነው? አምስት መስመር ይበቃል። የጥጃው ስም ወይም ቁጥር፣ እናቱ፣ አባቱ፣ የተወለደበት ወር፤ አምስተኛው ደግሞ በየዓመቱ ለገንዲ ስንት ጊዜ ተወጋ የሚለው። ያቺ አምስተኛዋ መስመር በደቂቃ ስንት ሜትር እንደምትለው ናት፤ ውድድሩ እሷ ላይ ይታያል። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ጊዜ ብቻ የተወጋች ላም ጎረቤቷ በየዓመቱ ሦስቴ ከተወጋች፣ የየትኛዋ ወይፈን እንደማይቀጠቀጥ ለመወሰን ከአዲስ አበባ ሰው መጥራት አያስፈልግም።

መምህራን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዩኒቨርሲቲው እዚህ ነው፣ የቴፒ የምርምር ማዕከል ቅርብ ነው። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መንደር ሲወጡ መጠይቅ ያስሞላሉ፣ ይመለሳሉ፣ ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ባለ ላሟ እናት ለሦስት ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥታ አንድም ቀን ውጤቱን ሳትሰማ ትቀራለች። ከመጠይቁ ጋር አንድ ባዶ ደብተር ተዉላት። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ደብተር ያንብብ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ከጥያቄው በፊት ግን እኔ አንድ ልጠይቅ። ቤቱ ያልተቀጠቀጠ የሸኮ ኮርማ ወይም ወይፈን ያለው ሰው እጁን ያውጣ። እናመሰግናለን፣ አታውርዱ፣ እጃችሁ እንደወጣ ይቆይ። ዘንድሮ ለስሪያ የደረሰች የሸኮ ላም ወይም ጊደር ያላችሁ ደግሞ ዞር ዞር በሉና እጃቸውን ያወጡት እነማን እንደሆኑ ልብ በሉ። ስብሰባው ሲያልቅ ሳትሄዱ አነጋግሯቸው። እዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጡት አባት፣ ማይክሮፎኑ ለእርስዎ ይምጣ፤ ኮርማዎ ስንት ዓመቱ ነው?